ጥዳችን ላይ ሽበት የለም፣ አየሩ ተበላሽቶ ነው?

የአቃቂው፦
ሰላም ቤተሰብ። አቃቂ ከገባሁ 3 ዓመቴ ነው፣ የከባድ መኪና መንገድ ዳር። እሁድ እንጦጦ ወጥቼ ጥዶቹ ላይ እንደ ሽበት የተንዠረገገውን ሊከን አየሁ። የኛ ግቢ ጥድ ግን መላጣ ነው፣ አቧራ ብቻ። አየር ሲበከል ይጠፋል የሚሉት እውነት ነው? ትንሽ አምጥቼ ሳሎን ብሰቅለውስ የቤቱን አየር ይነግረኛል? እማዬ ከሰሏን ከሳሎን አታወጣም።

የሱሉልታ ልጅ፦
እውነት ነው ወንድሜ። ሊከን ፈንገስና አልጌ ተጋግዘው የሚኖሩበት ነገር ነው። ሥር ስለሌለው ውሃውንም ምግቡንም ከዝናብና ከአየር ይስባል፣ መርዙም አብሮ ይገባል። በተለይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባለውን የጭስ ጋዝ አይችልም። ናይላንደር የሚባል ፊንላንዳዊ ገና በ1866 እ.ኤ.አ. የፓሪስን አየር በሊከን መመዘን እንደሚቻል ጽፏል። የተንጠለጠለው ዓይነት ቀድሞ ይሞታል፣ ቅርፊት ላይ እንደ ቀለም የተለጠፈው ይበረታል።

ችግኝ ሻጩ፦
ቆይ፣ አትቸኩሉ። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ጭጋግ አይለየውም፣ አቃቂ ደግሞ በጣም ዝቅ ያለና የሚሞቅ ስለሆነ ልዩነቱ ከእርጥበትም ሊመጣ ይችላል። እዚያው አቃቂ ውስጥ ጥድን ከጥድ አወዳድር፣ እድሜያቸው የሚቀራረብ፣ አንዱ መንገድ ዳር አንዱ ራቅ ያለ፣ ሁለቱንም ደረትህ ድረስ ባለው ከፍታ እያቸው። የድሮ ቤተክርስቲያን ግቢ ለዚህ ይመቻል። ባህር ዛፍ ላይ አትድከም፣ ቅርፊቱን እየላጠ ስለሚጥል ሊከኑ የሚቆይበት ጊዜ የለውም። በረት አጠገብ ብርቱካናማ ሊከን ካየህም አየሩ ንጹህ ነው ብለህ አትደሰት፣ ከእበቱ የሚወጣውን ናይትሮጅን የሚወድ አለ 😄

ነርሷ፦
ሳሎኑን እርሳው። ብርሃንና እርጥበት ካላገኘ ደርቆ ይቀራል፣ አየሩ ንጹህም ቢሆን። ተመራማሪዎች በከረጢት አድርገው ቤት ውስጥ የሚሰቅሉት አለ፣ ግን በኋላ ላብራቶሪ ወስደው ከአየሩ የሰበሰበውን ብረት ነክ ብክለት ሊለኩ ነው እንጂ በዓይን አይተው አይፈርዱም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆንም ይወጣል። ሰው ራሱን ሲያመው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። እማዬ በረንዳ ላይ ታፍላ በላት፣ ካልሆነም በርና መስኮት ይከፈት። ማታ ፍም ይዞ መተኛት ፈጽሞ!

የአቃቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ቤተክርስቲያን ዞሬ አየሁ፣ በመንገዱ በኩል ያሉት ጥዶች ባዶ ናቸው፣ በጓሮ በኩል ያሉት ግን ግራጫ ግራጫ ነገር ጣል ጣል አለባቸው። ክረምት ሲወጣ ደግሜ አያለሁ። ከሰሉ በረንዳ ወጥቷል፣ እማዬ «ቡና በንፋስ አይፈላም» ብላ ኩርፊያ ላይ ናት።