ግራፋይት ኤሌክትሪክ እያስተላለፈ ለምን ሜታሎይድ አይባልም?

ኬሚስትሪ የምታውቁ ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እህቴን ለፈተና እያስጠናኋት ነው። ማስታወሻዋ «ሜታሎይዶች ኤሌክትሪክ በከፊል ያስተላልፋሉ፤ ኢብረቶች አያስተላልፉም» ይልና በዚያው ያልፋል (ሜታሎይድ የሚባሉት ባሕርያቸው በብረትና በኢብረት መካከል የሆነ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ኢብረት ማለት ብረት ያልሆነ ነው)። እሷ ደግሞ ነገር ፈታኝ ናት፤ እርሳስ ሰንጥቃ ጥቁሩን ዘንግ ከባትሪና ከትንሽ አምፖል ጋር አገናኘችው፤ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ በራ። ዘንጉ በአብዛኛው ግራፋይት ነው፤ ግራፋይት ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ ኢብረት። ምን ልበላት?

በማንጸባረቅ እንለያቸው ብል ኢብረቱ አዮዲንም ያንጸባርቃል። በተሰባሪነትም አይሆንም፤ ሜታሎይዱ ሲሊከንም ኢብረቱ ድኝም ሲመቱ ይሰባበራሉ። መዳብ ሲሞቅ ማስተላለፉ ይቀንሳል፣ ሲሊከን ሲሞቅ ይጨምራል። ይህ ደስ የሚል ልዩነት ነው፤ ነገር ግን ሜታሎይድን የሚለየው ከብረት እንጂ ከኢብረት አይደለም።

ከዚያ ወደ መጀመሪያ የአዮናይዜሽን ኃይል (ከአቶም የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ለማላቀቅ ወደሚያስፈልገው ኃይል) ዞርኩ፦ ካርቦን 1086፣ ሲሊከን 786፣ ጀርመኒየም 762 ኪሎ ጁል በሞል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ሜታሎይድ የሚባለው አርሰኒክ ግን 947 ሆኖ፣ ብዙ መጻሕፍት ከኢብረቶች የሚመድቡትን ሴሌኒየምን (941) በለጠብኝ!

ታዲያ ድንበሩን የሚያሰምረው የትኛው ባሕርይ ነው? ኦክሳይዶቻቸው (ከኦክስጅን ጋር የሚሠሯቸው ውህዶች) እንዳልል የሲሊከን ኦክሳይድ እንደ ኢብረቶቹ አሲዳማ ነው። ወይስ አንድ ወጥ መስፈርት የለም፣ ባሕርያቱ ተደምረው ነው የሚታዩት? እንዲያ ከሆነ ፈተና ላይ ምን ብላ ትጻፍ? ለእሷ ዕድሜ በሚመጥን ቋንቋ የሚያብራራልኝ ካለ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።