ቲቢ ላይ ላለች ታካሚ ቢልሃርዚያና የአፍ ፈንገስ ሲጨመርባት ምን ይሰጣት?

ጥያቄ (ነርስ፣ ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታካሚዋ የ28 ዓመት ሴት ናት፣ 46 ኪሎ። የሳንባ ቲቢ መድኃኒት ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ አራቱን የቲቢ መድኃኒቶች (ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል) አንድ ላይ የያዘውን ክኒን በቀን 3 ፍሬ እየመጣች ፊታችን ትውጣለች። አሁን ውስጥ እግሯን ያቃጥላታል፣ ይደነዝዛታል። ምላሷ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል፤ ሰገራዋ ሲታይ ደግሞ የቢልሃርዚያ እንቁላል ተገኘ (ቦርከና ዳር መስኖ ላይ ነው የምትሠራው)። ክንዷ ውስጥ የወሊድ መከላከያ አለ። የኤች አይ ቪ ምርመራዋ ስትጀምር ኔጌቲቭ ነበር። የቢልሃርዚያውን መድኃኒት ፕራዚኳንቴሉን ዛሬ ልስጣት? ማቅለሽለሹ ስለበረታባት «ላቆም ነው» እያለች ነው።

ፋርማሲስት፣ ደሴ
ሲስተር፣ ፕራዚኳንቴሉን ዛሬ እንዳትሰጪያት። ሪፋምፒሲን ጉበት መድኃኒት የሚያስወግድበትን ኢንዛይም ስለሚያበዛው ፕራዚኳንቴሉ ትሉን ለመግደል የሚበቃ መጠን ላይ አይደርስም። ትሉ ሳይሞት ካርዷ ላይ «ታክማለች» ተብሎ ይጻፋል፤ ጉዳቱ እዚያ ላይ ነው። የቲቢው ሕክምና ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ይሰጣታል። በዛሬው ኪሎዋ ባለ 600 ሚሊ ግራሙ 3 ፍሬ ነው፣ ግን ኪሎ ትጨምራለችና ያኔ እንደገና መዝኛት። ስለሚመር ሳታኝክ ከምግብ ጋር ትዋጠው። ደም ካስታወከች ወይም ሆዷ ካበጠ ግን መጠበቅ የለም፣ ደሴ ላኪያት። ለቢልሃርዚያ ተብሎ ቲቢው አይቋረጥም።

ጤና መኮንን
ለአፏ የፈንገስ መድኃኒቱን ፍሉኮናዞል ብትጀምሪላትስ?

ፋርማሲስት፣ ደሴ
እሱንም ሪፋምፒሲን ያወርደዋል፣ ጉበቷም ላይ ሌላ ሸክም ነው። ኒስታቲን ሽሮፕ ይቅደም፦ ከምግብ በኋላ 4 ሚሊ ሊትር በቀን 4 ጊዜ። አፏ ውስጥ እያዟዟረች የቻለችውን ያህል ታቆየውና ትዋጠው፤ ወዲያው ውሃ አትጠጣበት። ነጩ ከጠፋም በኋላ 2 ቀን ትቀጥል። ስትውጥ ካመማት ግን ፈንገሱ ጉሮሮዋ ወርዷል፣ ኒስታቲን አይበቃም፣ ሐኪም ይያት። ኤች አይ ቪውንም ድገሚላት።

የቲቢ ክፍል ነርስ
የእግሯ ከአይሶናያዚድ ነው፤ ቫይታሚን ቢ6ን ያሟጥጣል። ፒሪዶክሲን (ቢ6ን ማለት ነው) እየወሰደች ነው? ለመከላከል በቀን 25 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ አንዴ ማቃጠል ከጀመረ ግን ከ50 እስከ 100 ያስፈልጋል። «ቫይታሚን ነው» ብላ ከዚያ በላይ እንዳትወስድ፣ ሲበዛ እሱም ነርቭ ይጎዳል።

ለማቅለሽለሹ ክኒኑን ከትንሽ ቁራሽ ዳቦ ጋር ትዋጥ። በባዶ ሆድ ይሻላል እንጂ ከምትተወው ከምግብ ጋር ብትወስደው ይመረጣል። የጨጓራ መድኃኒት ገዝታ እንደሆነ ጠይቂያት፤ አሉሚኒየም ያለበት አይሶናያዚዱን እንዳይመጠጥ ያደርጋል፣ ቢያንስ በ1 ሰዓት ይለያዩ።

ከሁሉ በፊት ግን ማቅለሽለሹ የጉበት አለመሆኑን ለዪ። በር ላይ አውጥተሽ በቀን ብርሃን የዓይኗን ነጭ እዪ። ሽንቷን በጠርሙስ ተቀበዪ፦ ብርቱካናማ ቀይ ከሆነ የሪፋምፒሲን ነው፣ አያስፈራም፤ እንደ ኮካ ከጠቆረና ዓይኗ ቢጫ ካለ ሁሉንም መድኃኒት በዚያው ቀን አስቁመሽ ላኪያት። ጤና ጣቢያ ላይ አንድ በአንድ መልሶ መጀመር የለም። ጠላና አረቄም ይቅርባት። አንድ ዓይኗን ሸፍነሽ ቀይና አረንጓዴ አሳዪያት፣ ከዚያ ሌላውን፤ መለየት ካቃታት ኢታምቡቶሉ ዓይን እየጎዳ ነው፣ ቆሞ ለሐኪም ይነገር።

አዋላጅ ነርስ
ክንዷ ውስጥ ያለውን የወሊድ መከላከያ ሪፋምፒሲን ያዳክመዋል። እስክትጨርስና ከዚያም 4 ሳምንት ኮንዶም ይጨመር፤ ወይ የ3 ወሩ መርፌ፣ እሱን አይነካውም። ወር አበባዋ ከቀረ መጀመሪያ እርግዝና መርምሪ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ፒሪዶክሲን አልተጻፈላትም ነበር፣ ዛሬ ይጀመራል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ረመዷን ሲገባ መጾሟ አይቀርም።

የቲቢ ክፍል ነርስ
ለታመመ ሰው ጾም እንደሚነሳ ታውቃለች፣ ቤተሰቡም ያስረዳት። አልቀበልም ካለች ክኒኑ ለሱሁር እንደተነሳች፣ ከመብላቷ 1 ሰዓት በፊት ይሁን፤ የምታምነው ቤተሰብ እያየ ያስውጣት፣ ካርዱም ላይ በየቀኑ ይፈረም። ለሁለት ከፍላ እንዳትውጠው አስጠንቅቂያት፤ 3ቱም በአንድ ጊዜ ነው።