የዕቅድ ውይይት፦ በከተሞች መካከል ለምናዘጋጀው የካውንተር ስትራይክ 2 ውድድር የስናይፐር ደንብ

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ አባላት፣ ሁለት ቡድኖች በዙር እየተታኮሱ በሚፎካከሩበት በዚህ የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ባለፈው የሙከራ ግጥሚያ የደብረ ሲና ጀማሪዎች ስድስት ዙር በተከታታይ የተሸነፉት ዱስት 2 በተባለው የጨዋታው ካርታ ረጅሙ መተላለፊያ ላይ ሦስት ስናይፐር (ከሩቅ አነጣጥሮ የሚተኮስበት ጠመንጃ) ተደርድሮ ስለጠበቃቸው ነው። አንደኛው ልጅ ከበሩ ጥግ ትከሻውን ብቅ ባደረገ ቁጥር ጥይት ደረቱን እያገኘው፣ በመጨረሻ ማውሱን ትቶ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ስለዚህ ለጋራ ሐሳባችን መነሻ የሚሆን አንቀጽ አቀርባለሁ፦ «አንድ ቡድን በአንድ ዙር ከአንድ በላይ ስናይፐር መያዝ አይፈቀድለትም።»

አባል፣ ሸዋ ሮቢት

የጸሐፊያችንን ስጋት እጋራለሁ፤ አንቀጹን ግን በዚህ መልኩ አልደግፍም። ጨዋታው ራሱ ስናይፐርን ውድ አድርጎታል። በጨዋታው ገንዘብ ክላሽ 2,700 ዶላር ሲሆን ኤ.ደብልዩ.ፒ. የተባለው ስናይፐር 4,750 ዶላር ነው፤ በክላሽ ተጋጣሚ የጣለ 300 ዶላር ሲሸለም በኤ.ደብልዩ.ፒ. የጣለ ግን 100 ብቻ ያገኛል፤ በካዝናው የሚገባው ጥይትም ገና በቀዳሚው የጨዋታው እትም፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከ10 ወደ 5 ወርዷል። ከሁሉም በላይ አንድ ጥይት ከወጣ በኋላ ቀጣዩ እስኪቀባበል አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ስለሚፈጅ፣ የሳተ ሰው በዚያች ፋታ መከላከያ የለውም። እኔ እንደማምነው የዚህ መሣሪያ ሚዛን ያለው በመሳት ዋጋ ላይ ነው። ሦስት ስናይፐር የገዛ ቡድን 14,250 ዶላር አውጥቷልና፣ ተጋጣሚው በ300 ዶላር የጭስ ቦምብ መተላለፊያውን ጋርዶ በሌላ በኩል ቢገባበት ያን ሁሉ ገንዘብ በአንድ ዙር ያጣል። ቁጥሩን ከገደብን ሁለት ጥሩ አልሞ ተኳሽ ያለውን ቡድን በችሎታው መቅጣታችን ነው።

አባል፣ ደብረ ሲና

ልጆቹን የማሠለጥነው እኔ ነኝ፤ የጭስ አጣጣል ገና በመማር ላይ መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን ወንድማችን ያላነሱት አንድ ጉዳይ አለ። የእኛ ልጆች የተቀመጡት በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ፊት ሲሆን፣ ተጋጣሚዎቻቸው የተጫወቱት በ144ቱ ነበር። ጥግ ይዞ ለሚጠብቅ ስናይፐር የዚህ ልዩነት ትርጉም ብዙ ነው፤ ብቅ የሚለውን ሰው ቀድሞ ያየዋልና። በዚህ ሁኔታ ያሸነፈው ችሎታ ይሁን ዕቃ መለየት አልቻልኩም፤ ልጆቹም ሊለዩት ስላልቻሉ ነው ተስፋ የቆረጡት።

ሁለተኛ ጥያቄዬ፣ ገደቡ ቢጸድቅ ከወደቀ ተጋጣሚ የተነሣ መሣሪያ ይቆጠራል ወይ የሚል ነው።

አባል፣ መሐል ሜዳ

በኢንተርኔት ሊደረግ የታሰበው ማጣሪያም ይታሰብበት። መስመሩ ሲዘገይ ከጥግ የሚወጣው ሰው፣ ቆሞ የሚጠብቀውን ቀድሞ ያየዋል፤ ሰርቨሩም (ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ተኳሹ በተኮሰበት ቅጽበት ያየውን ወደ ኋላ ተመልሶ ስለሚፈርድ፣ ግድግዳ ከለላ ከገባን በኋላ የምንመታው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ሁኔታ የስናይፐር ችሎታ በትክክል አይመዘንም። መንገዱ ቢርቅም እኛ ደብረ ብርሃን መጥተን ብንጫወት እንመርጣለን።

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን

የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን አሳምነውኛል፤ የደብረ ሲናው ደግሞ ያላየሁትን አሳይተውኛል። የተሻሻለው ረቂቅ እንዲህ ይነበባል፦

«በዋናው ምድብ የስናይፐር ቁጥር አይገደብም። ማጣሪያውም ሆነ ፍጻሜው በአንድ ክፍል፣ በአንድ የውስጥ መስመር ይካሄዳል፤ ከ12 ዙር በኋላ ቡድኖች የማጥቃትና የመከላከል ቦታ ሲቀያየሩ ወንበርና ኮምፒውተርም ይቀያየራሉ። በጀማሪዎች ምድብ አንድ ቡድን መግዛት የሚችለው አንድ ስናይፐር ብቻ ነው፤ ከወደቀ ተጋጣሚ የተነሣ ስናይፐር እስከ ዙሩ ፍጻሜ ያገለግላል፤ ቡድኑ በሚቀጥለው ዙር ሁለት ይዞ ከተገኘ ግን አንዱን መነሻው ላይ ጥሎ ይወጣል።»

ለዋናው ምድብ በቂ ባለ 144 ስክሪን ካልተገኘ፣ የሁሉም በ60 እንዲስተካከል ሐሳብ አቀርባለሁ። ከየከተማው ስንት ስክሪን እንደሚመጣ እስከ እሑድ እዚሁ ጻፉልን።