የፍሪላንሰር ማህበራችን መዋጮ የት ነው የሚገባው?

ካሜራማን ከጅማ፦
ሰላም ናችሁ፣ እኔ ጅማ ሰርግና ምርቃት እየቀረፅኩ ነው የምኖረው፣ የአንድ ፍሪላንሰሮች ማህበር አባል ከሆንኩ ሁለት አመቴ ነው በወር 150 ብር እከፍላለሁ። እስካሁን ያየሁት ቲሸርት፣ ባነርና አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ የሚደረግ ስብሰባ ነው፣ ለሱም ከዚህ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በባስ ሄደህ የአልጋ ከኪስህ ነው። ባለፈው ደንበኛ ቀሪ ክፍያ ሲከለክለኝ የህግ ምክር ጠየኳቸው፣ እናያለን ብለው በዛው ቀሩ። ልቀጥል ወይስ ልተወው?

የመርካቶ ልጅ፦
ወንድሜ ሳትወጣ መጀመሪያ ሂሳቡን ጠይቅ። በ2011 በወጣው የሲቪል ማህበረሰብ አዋጅ 1113 የተመዘገበ ማህበር ከሆነ የበላዩ ጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ ጉባኤው ደግሞ እናንተ አባላቶቹ ናችሁ። የሰፈራችን እድር እንኳን ስንት ገባ ስንት ወጣ ብሎ ፊት ለፊት ያነባል እኮ!

ዲዛይነሯ፦
እኔ ትንሽ አልስማማም፣ ፀሀፊና ቢሮ ብር ይፈልጋል፣ በነፃ የሚሰራ ሰው ከየት ይመጣል? ግን ባነሩ ይቅርና በዛ ብር አንድ ጠበቃ በኮንትራት ይያዝ፣ የሁላችንም ችግር ያልተከፈለ ስራ ነው። እኔ አሁን ግማሹን ቅድሚያ ሳልቀበል ኮምፒውተር አልከፍትም።

ካሜራማን ከጅማ፦
እሺ አመሰግናለሁ፣ እዚህ ያለነው አባላት ተፈራርመን ሂሳቡን በደብዳቤ ልንጠይቅ ነው። ጅማ ያላችሁ ማታ ጅሬን መንገድ ቡና ላይ እንገናኝ።