ሪስ ካመነ በኋላ ድሉን ለምን አልተነጠቀም?

ፔዳል ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዴንማርካዊው ብያርነ ሪስ እ.ኤ.አ. የ1996ቱን የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስ ያሸነፈው ኢፒኦ የተባለ አበረታች መድኃኒት እየወሰደ እንደነበር በ2007 በራሱ አንደበት አምኗል። ስሙ ግን ዛሬም በአሸናፊዎች መዝገብ ላይ አለ። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ ግን ሰባቱንም የቱር ደ ፍራንስ ድሎቹን ተነጠቀ። ይህ እንዴት ያለ ፍርድ ነው? እኔ የደሴን ዳገት ምላሴ ወጥቶ ነው የምጨርሰው፤ በመርፌ የወጣው ዋንጫውን ታቅፎ ይኖራል!

የጦሳ ልጅ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ነገሩ የይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደብ ነው። ይርጋው ስምንት ዓመት ነበር፤ ሪስ አፉን የከፈተው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። አርምስትሮንግን የአሜሪካው ፀረ አበረታች መድኃኒት ተቋም «እያጭበረበርህ ስለደበቅህ ይርጋ አያድንህም» ብሎ በ2012 ቀጣው። እሱ ያመነው ከተፈረደበት በኋላ፣ በ2013 ነው።

ላቦራቶሪ ከደሴ፦
ከሙያዬ ልጨምር። ኢፒኦ ኩላሊት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፤ ቀይ የደም ሴል ያበዛል። መድኃኒቱ ደም ላነሳቸው የኩላሊት ሕሙማን የተሠራ ነው። ከ1997 ጀምሮ የቀይ ደም ሴል መጠኑ ከ50 በመቶ ያለፈ ተወዳዳሪ ለጊዜው ይታገድ ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? በየሆቴሉ ደማቸውን በትንሽ ማሽን እያሽከረከሩ ይለኩና፣ ቀዩ ከግማሽ ካለፈ የጨው ውሃ በደም ሥር እየወሰዱ ያቀጥኑት ነበር። የመሣሪያ እጥረት ለሚያንገላታን ለእኛ ይህ ያናድዳል።

ፔዳል ከኮምቦልቻ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። የይርጋው ገባኝ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። በጀርመኑ የብስክሌት ቡድን ቴሌኮም የሪስ ጓደኛ የነበረው ኤሪክ ዛቤል በ2007 እያለቀሰ «ለአንድ ሳምንት ብቻ ሞከርሁ» አለ፤ በ2013 ደግሞ ለዓመታት ሲወስድ እንደነበር አመነ። የመጀመሪያውን እንባ ምን እንበለው?