«እውነቱን አወጣው» ስትሉ የማንን እውነት ነው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ትናንት አንዱ እዚሁ «የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ መሰጠቱ የገጠሩን ትምህርት ቤት እውነቱን አወጣው፤ ድሮም በኩረጃ ነበር የሚያልፉት» ብሎ ጽፎ ሄደ። እንቅልፍ ነው የነሳኝ። በ2015 ዓ.ም. 845 ሺህ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 27,267 ብቻ ነው፣ 3.2 በመቶ። 1,328 ትምህርት ቤት አንድ ልጅ እንኳ አላሳለፈም። ይሄ ሁሉ ትምህርት ቤት የሰነፍ መሰብሰቢያ ነው?

ካዛንቺስ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰነፍ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፣ ያላልኩትን አታስብለኝ። እውነቱን አወጣው ነው ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ። ከ2014 በፊት የፈተናው መልስ በየስልኩ ሲዞር አላየህም?

መንዜው፦ ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ። ማትሪክ የተፈተንኩት ከቤታችን የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ የወረዳ ከተማ ተምሬ ነው። እሑድ በሶና ድርቆሽ ተሸክሜ እገባለሁ፣ ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተን፣ በተራ ነበር የምናጠናው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማንም አያጠናም። የፊዚክስ መምህራችን በኅዳር ለቀቀ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ምትክ አልመጣም። ቤተ ሙከራውን ሁለት ዓመት በመስኮት አየሁት። ፈተናው ያወጣው ይሄን ነው?

ካዛንቺስ፦ እኔስ ሌላ ምን አልኩ?

መንዜው፦ «በኩረጃ ነበር የሚያልፉት» አልክ። እኔ ሳልኮርጅ አልፌያለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ ኩረጃው ነበር፣ አልክድም። መምህሩም ዓይኑን ይጨፍን ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የምንጠየቀው «ስንት አሳለፋችሁ» ተብለን ነው፣ «ምን አስተማራችሁ» ብሎ የጠየቀኝ አለቃ አላስታውስም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ያ ልጅ 4ኛ ክፍል ሳለ በአፍ መፍቻው እንኳ አጣርቶ ማንበብ አልቻለም ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና የስምንት ዓመት ዕዳ ነው የሚሰበስበው።

እናት ከፒያሳ፦ መምህር፣ ዕድሜ ይስጥዎ። የኔ ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተምራ አለፈች፣ ግን በሳምንት ሦስት ቀን አስጠኚ ከፍዬ ነው። ገጠር ያለችው እናት ከየት ታመጣለች?

ካዛንቺስ፦ እናቴ፣ እሱን ከኔ ጋር አያገናኙት። ደግሞ እየተሻሻለ ነው፦ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ አለፈ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ መቶኛውን ብቻ አትጥራ። በ2017 የተፈተነው 585 ሺህ ነው። ከ2015ቱ ከ250 ሺህ በላይ ቀንሷል። እነዚያ ልጆች 12ኛ ሳይደርሱ የት ቀሩ?

ካዛንቺስ፦ እሱን ትምህርት ሚኒስቴርን ጠይቅ፣ ሰፈርህ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ አንተን ነው የጠየቅኩት፣ «ተሻሻለ» ያልከው አንተ ነህ።

መንዜው፦ እኔ ሌላ አልፈልግም። «በኩረጃ ነበር የሚያልፉት» የሚለውን አጥፋው።

ካዛንቺስ፦ አላጠፋውም። «ብዙዎቹ» ብዬ አስተካክለዋለሁ።

መንዜው፦ ብዙዎቹን ቆጥረሃቸዋል?