የዴልታ ሴፌይን ድምቀት ለመገመት ምክር ፈልጌ ነበር

ሰላም ለሁላችሁ። ከካሲዮፒያ ጎን ያለውን የሴፊየስ ኅብረ ኮከብ መለየት አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ በውስጡ ያለውን ድምቀቱ የሚለዋወጥ ኮከብ፣ የዴልታን (ዴልታ ሴፌይን) ድምቀት መገመት ነው። ኮከቡ በ5.37 ቀን ከ3.5 ወደ 4.4 የድምቀት መጠን (ማግኒቲዩድ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል) ደብዝዞ ይመለሳል፤ ሲደምቅ ፈጥኖ፣ ሲደበዝዝ በዝግታ። በ10 በ50 ባይኖኩላር፣ አጠገቡ ካሉት ከዜታ (3.4) እና ከኤፕሲሎን (4.2) ኮከቦች ጋር አነጻጽረዋለሁ። ችግሩ ዜታ ብርቱካናማ መሆኑ ነው፦ ትኩር ብዬ ባየሁት መጠን እየደመቀ ስለሚመስለኝ ዴልታን ከልክ በላይ ደብዛዛ አድርጌ እመዘግባለሁ። (በየ5 ሌሊቱ ብቻ ማየት ኮከቡን በተቀራራቢ ደረጃ ላይ ስለሚያሳይ ሰማዩ በጠራ ምሽት ሁሉ ነው የማየው።)

የባይኖኩላሩን ፎከስ ሆን ብሎ ማዛባት የቀለሙን ተጽዕኖ ይቀንሳል? ወይስ ዜታን በሌላ ልተካው? ቤታ (3.2) ነጣ ያለ ነው፤ ግን ስለሚርቅ ከዴልታ ጋር በአንድ እይታ አይገባም። የሠራላችሁን ዘዴ ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።